እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፦ ከየካ ሆነው በኦንላይን ለሚማሩ

ኮርሱ የሥራ ማስረከቢያውን «እሑድ 23፡59 ዩቲሲ» (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ብሎ ጽፎታል። ኮተቤ ለተቀመጠ ተማሪ ይህ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። አንዱ ግን «እሑድ ማታ» ብሎ ይይዘውና ሳያልቅለት 3 ሰዓት ላይ በጭንቀት የተጨማለቀ ሥራ ይልካል። ሌላዋ ቁጥሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ሳይሆን በእኛ ታነበዋለች፤ ሌላው ደግሞ «ሰኞ ሙሉ ቀን አለኝ» ብሎ ይተኛል። ትምህርቱ ሳይከብዳቸው በሰዓት ብቻ ነጥብ የሚያጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ወኔና ስለ ቁርጠኝነት ብዙ አላወራም። ሌላ አገር በሚቆጠር ሰዓት የሚሄድን ትምህርት የካ ውስጥ ካለ ቤት፣ መብራት፣ ኔትወርክና ዘመድ አዝማድ ጋር እንዴት እንደሚያስማሙት ነው የምነግርዎ።

ከመመዝገብዎ በፊት

የኦንላይን ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው፤ የጊዜ አያያዙም ለየቅል ነው። አንደኛው በራስዎ ፍጥነት የሚሄዱበት ነው። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» ከዚህ ይመደባል። ሥልጠናው ነጻ ነው፤ ዛሬ ቢከፍቱት ነገ የሚቆጣዎት የለም። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ሁለተኛው በየሳምንቱ የሚያስረክቡበት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የትምህርት ሳምንቱ ሐሙስ ይጀምርና ረቡዕ ያልቃል፣ አንዱ የትምህርት ወቅት 9 ሳምንት ብቻ ነው፣ ተማሪዎችም አንዱ የሌላውን ሥራ አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። አንድ ሳምንት ከጠፉ የራስዎ ሥራ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ የሰውም ያለ አስተያየት ይቀራል።

በራስዎ ፍጥነት የሚሄዱበት ከሆነ የሚጠብቅዎ ሰው ያብጁ። ዕቁብ ሰውን የሚያስቆጥበው ቀኑ ሲደርስ ዳኛው እጁን ስለሚዘረጋ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጓደኞች ሆናችሁ ቅዳሜ ማታ እያንዳንዱ ያጠናቀቀውን ክፍል ለሌሎቹ ያሳይ፤ ያልጨረሰ የሚቀጥለውን ሳምንት ቡና ይጋብዝ። በየሳምንቱ የሚያስረክቡበት ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ሥራ ካለዎት፣ በመጀመሪያው ወቅት ከአንድ ኮርስ በላይ አይውሰዱ። ኮርሱ «በሳምንት 6 ሰዓት» ካለ 9 ሰዓት ይያዙለት። ንባቡ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቪዲዮው አንዳንዴ ይንጠለጠላል፣ መዝገበ ቃላት መግለጥም ጊዜ ይበላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚማሩት ለዲግሪ ከሆነ፣ ከውጭ የተገኘ ማስረጃ አገር ውስጥ አቻ ግምት የሚሠራለት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ጊዜዎን ከማፍሰስዎ በፊት ሄደው ይጠይቁ። ሦስት ዓመት ከተማሩ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

ሰዓቱን ወደ ግድግዳዎ ያውርዱ

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ነው፤ አንድ ማታ ይስጡት።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ የሰዓት አጠራር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ሁለቱን ሲያጣምሯቸው አንድ ቀላል ሕግ ይወጣል፦ በዩቲሲ ከተጻፈው ቁጥር ላይ 3 ይቀንሱ (ቁጥሩ ከ4 ካነሰ መጀመሪያ 12 ይደምሩበት)፣ ከ12 ከበለጠ 12 ይግደፉ፤ የቀረው በእኛ አፍ የምንጠራው ሰዓት ነው። 12፡00 ዩቲሲ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 15፡00 ዩቲሲ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። 23፡59 ደግሞ ያ የሌሊት 8፡59 ነው፤ ቀኑም እዚህ ተሻግሯል።

የኒው ዮርክ ሰዓት ከሆነ በክረምታቸው 2፣ በበጋቸው 1 ይደምሩ። እዚያ ማታ 11፡59 የሚባለው እዚህ በማግስቱ ጠዋት 1፡59 ወይም 12፡59 ነው። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ሁለቱን ቀኖች በቀይ ያክብቧቸው፤ ለሳምንታት የለመዱት የስብሰባ ሰዓት በድንገት የሚዛነፍባቸው እነዚህ ናቸው። የለንደን ሰዓት በክረምት 3፣ በበጋ 4 ይቀነሳል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ግን ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደኋላ በሆነ የራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ረቡዕ ማታ 11፡55 የሚለው ማስረከቢያ ለእኛ ሐሙስ ጠዋት 1፡55 ነው። መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ የሚይዙበት ሰዓት ማለት ነው! ላፕቶፕ ተከፍቶ የሚሠራበት ሰዓት ስላልሆነ፣ ረቡዕ ማታ ከመተኛትዎ በፊት የሚያልቅ አድርገው ይቁጠሩት።

ከዚያ ቀኑ አለ። ኦክቶበር 15 ጥቅምት 5 ነው፤ ወሩ ሲቀየር ግን ልዩነቱም ይቀየራል፣ የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30፣ የእነሱ ደግሞ ከፌብሩዋሪ በቀር አንዴ 30 አንዴ 31 ነውና። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት ደግሞ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል። በጭንቅላት ለማስላት አይድከሙ። በየቤቱ የሚሰቀለው የግድግዳ ካላንደር ሁለቱንም ቀን አጣምሮ ይይዛል፤ አንድ ገዝተው ከጥናት ቦታዎ ፊት ይስቀሉት። የኮርሱን ማስረከቢያዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ያስተላልፉበት፣ በአማርኛ፣ በእኛ ሰዓት፦ «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ 8፡59»። ቤተሰብዎም ሲያልፍ ሲያገድም ያነበዋል። የዚህ ጥቅም ኋላ ይታያል።

በኮርሱ ገጽ ላይ ደግሞ የሰዓት ክልል ማስተካከያ ይፈልጉ። «አዲስ አበባ» የሚል ካለ ይምረጡ፤ ኮምፒውተርዎ «ናይሮቢ» ብቻ ካለው እሱን ይያዙ፣ ሰዓታችን አንድ ነው።

ካላንደሩ ላይ በዓላቱንም ምልክት ያድርጉባቸው። ኮርሱ ገናን በዲሴምበር 25 እንጂ በታኅሣሥ 29 አያውቀውም። ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ዒድ አልፈጥር፣ መስቀል፣ የሰፈርዎ ንግሥ፣ የእኅትዎ ሠርግ ሁሉ በኮርሱ ዘንድ ተራ የሥራ ቀን ናቸው። የካ ሚካኤል አካባቢ ከሆኑ ኅዳር 12ና ሰኔ 12 ላይ ጸጥታና ባዶ ቤት አይጠብቁ። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት የዚያን ሳምንት ሥራ ግማሹን ያስቀድሙና በዓሉን ያክብሩ። በፋሲካ ዋዜማ ጥግ ይዞ ላፕቶፕ ላይ ማፍጠጥ በትምህርትም በዘመድም ዘንድ ኪሳራ ነው።

ለቤተሰብዎ «ትምህርት ቤት ነኝ» ይበሉ

ወላጅ ዩኒፎርም ለብሶ የሚወጣን ልጅ ተማሪ ብሎ ያውቃል። ስልክ ላይ ተጥዶ የሚውልን ግን ሥራ ፈት ይለዋል፤ በእርግጥም ከውጭ ሲታይ ቲክቶክ የሚያይና የስታቲስቲክስ ትምህርት የሚከታተል ሰው ልዩነት የለውም። ስለዚህ «እያጠናሁ ነው» ከማለት ሰዓት ይንገሯቸው፦ «እማዬ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ተኩል ትምህርት ቤት ነኝ። 3 ተኩል ላይ እመለሳለሁ።» ሲመለሱም በእርግጥ ይመለሱ፤ ስልኩን አስቀምጠው ቡናውን ይጠጡ፣ የቀረውን ሥራ ያግዙ። ቃልዎን ሦስት አራት ምሽት ካከበሩ በር የሚያንኳኳ እንግዳ ሲመጣ «ክፍል ላይ ናት» የሚሉልዎ እናትዎ ናቸው። ተከራይ ከሆኑ ለአከራይዎም ይንገሩ፤ ሌሊት መብራት ለምን እንደሚበራ ካወቁ ወሬው ይቀንሳል።

ልጅ ላላቸው እናቶች ይህ ምክር ሲጻፍ እንደሚቀል ሲሠራ አይቀልም። እንጀራ እየጋገሩ ትምህርት መስማት ይቻላል ወይ ካሉኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሰማ ከሆነ አዎ፤ አዲስ ነገር ከሆነ ግን ምጣዱም ትምህርቱም ያርራል። የሚያስፈልገው ከቤቱ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ «በሳምንት ሦስት ምሽት ልጆቹን አንተ ታስተኛለህ» ብሎ መዋዋል ነው።

የጥናት ሰዓትዎን ሲመርጡ ለአንድ ሳምንት ያህል ኔትወርኩንና ቤቱን ይታዘቡ። ብዙ ሰው ከሌሊቱ 10 ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለው ይስማማዋል፦ ቤቱ ይተኛል፣ መስመሩም አይጨናነቅም። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደላይ ላሉ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቀልድ አይደለም፤ ጋቢ ደርበው ሙቅ ሻይ በፔርሙስ ይዘው ይቀመጡ። እንቅልፍን ቀንሶ ማጥናት ግን ትርፍ የለውም። በ10 ተኩል የሚነሳ ሰው ማታ 4 ሰዓት ሳይሞላ መተኛት አለበት። ካልቻሉ የምሽቱን ሰዓት ይያዙ፤ ዋናው በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑ ነው።

ቤቱ ጨርሶ የማይመች ከሆነ ይውጡ። 4 ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ ሲሆን፣ ከቀበናና ከፈረንሳይ በኩል ለሚመጣ ሰው ቅርብ ነው። ከኮተቤ ግን በየቀኑ መመላለሱ አያዋጣም፤ መንገዱ የጥናቱን ሰዓት ይውጠዋል። ለዚያ ቅዳሜን ያድርጉና በሥራ ቀን ወረዳዎ ያለውን የወጣት ማዕከል ይሞክሩ።

መብራትና ኔትወርክ እንደሚጠፉ አድርገው ያቅዱ

መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ከመናደድ፣ እንደሚጠፋ ቆጥሮ መሥራት ይሻላል። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ላፕቶፑን፣ ስልኩንና ፓወር ባንኩን ይሙሉ። መልስዎን በኮርሱ ገጽ ሳጥን ውስጥ በቀጥታ አይጻፉ፤ መጀመሪያ በወርድ ወይም በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ጽፈው፣ ሲያልቅ ገልብጠው ይለጥፉ። መስመር ሲቋረጥ ሳጥን ውስጥ የነበረ ሁለት ገጽ አብሮ ሲጠፋ የሚሰማውን የቀመሰ ያውቀዋል።

ቪዲዮውን ዋይፋይ ባለበት፣ መሥሪያ ቤት ወይም ካፌ ሲሆኑ፣ ወደ ስልክዎ ያውርዱ። የኮርሴራና የኢዴክስ መተግበሪያዎች ያለ ኢንተርኔት የሚታይ ቅጂ ያስቀምጡልዎታል። ጥራቱን ወደ 360 ያውርዱት፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ካልተነበበ ብቻ ከፍ ያድርጉት። ብዙ ኮርስ የንግግሩን ጽሑፍም ያያይዛል፤ ጽሑፉ በጥቂት ኪሎባይት ይወርዳል፣ ለማንበብም ከቪዲዮው ይፈጥናል። የመምህሩን አነጋገር መከተል ለሚቸግረው ሰው መጀመሪያ ጽሑፉን፣ ቀጥሎ ቪዲዮውን ማየት ይጠቅማል። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም ያለዎትን የጥቅል መጠን ከወሩ መጀመሪያ ይወቁ፤ የሌሊት ጥቅል ካለ ማውረጃው እሱ ነው። አቅም ካለዎት የሁለቱንም ሲም ይያዙ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሠራል።

ሁሉም መስመር አንድ ላይ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ለዚህ የሚሆን ፍጹም መድኃኒት የለም፤ ሁለት ነገር ግን ይረዳል፦ ከማስረከቢያው አንድ ሙሉ ቀን ቀድሞ ማስገባትና «ገብቷል» የሚለውን ማረጋገጫ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ። ካላንደሩ ላይ እውነተኛውን ሰዓት ጽፈዋል፤ ከጎኑ አንድ ቀን የሚቀድም የራስዎን ሰዓት ይጻፉና የሚያከብሩት እሱን ይሁን።

ሲቀመጡ ምን ያድርጉ

አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ቪዲዮ ማየትና ከሥሩ ማስመር ጥናት ይመስላል። ጥናት ግን መጽሐፉ ሲዘጋ ነው የሚጀምረው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ፤ አንዳንዶቹ ደጋግመው አነበቡት፣ ሌሎቹ ወረቀት ላይ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት በለጡ። የኮርስ ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ቆጠራ ሲወጣ ለብቻው ጥግ ይዞ ከራሱ ያወጣል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል። የማያስታውሰውን ያውቃል ብሎ የሚያልፈው የለም።

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ለኮርሱ ብቻ ይግዙ። 25 ደቂቃ ይማሩ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ከዚያ ሁሉንም ይዝጉና ባዶ ገጽ ላይ የተረዱትን በአማርኛ ይጻፉ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ቢሆን ግድ የለም፣ ሐሳቡ ግን በሚያስቡበት ቋንቋ ይውጣ። በአማርኛ ማስረዳት ካቃትዎ ገና አልገባዎትም፤ እንግሊዝኛውን መገልበጥ ግን ሳይገባም ይቻላል። አሁን ኮርሱን ይክፈቱና በሌላ ቀለም ስክሪፕቶ ያርሙ። 5 ደቂቃ ተነሥተው ይንጎራደዱ፣ ይድገሙት። በአንድ ምሽት ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። በማግስቱ ከመጀመርዎ በፊት የትናንቱን ገጽ ሳያዩ ለ5 ደቂቃ ያስታውሱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ አንዴ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ። ሰው የተማረውን እንዴት በፍጥነት እንደሚረሳ ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል፤ መርሳትን የሚያቀዘቅዘውም በመካከሉ ጊዜ እየሰጡ መመለስ ነው።

የታክሲና የባቡር ሰዓት ለዚህ ክለሳ ይሁን። ከኮተቤ መገናኛ ድረስ ቆሞ አዲስ ትምህርት ማስገባት አይቻልም፤ የትናንቱን አምስት ጥያቄ ለራስ መጠየቅ ግን ስልክም አያስፈልገው።

ስለ ቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቃል። አብሮ መማር ጥሩ ነው፣ ሳምንታዊ የድምፅ ውይይትም የተሳሳተ መረዳትን ያስተካክላል። ብዙዎቹ ግሩፖች ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መለዋወጫ ይሆናሉ። ብዙ ኮርሶች ተመሳሳይ ጽሑፍ መለያ አላቸው፤ ከተያዘም የሰጠውም የተቀበለውም ነው የሚቀጣው። ለቻትጂፒቲም ያው ነው፦ «ጻፍልኝ» ከሚሉት «አምስት ጥያቄ ጠይቀኝና መልሴን አርም» ይበሉት።

በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ደግሞ ጨርሶ ይዝጉት። እንጦጦ ፓርክ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ክፍት ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሁለት ሰዓት የተራመደ ሰው ማታ ይተኛል። የጆሮ ማዳመጫውን ቤት ይተውት።

ወደኋላ ሲቀሩ

ይቀራሉ። ለቅሶ ይመጣል፣ ሥራ ይበዛል፣ ልጅ ይታመማል። ያኔ ሰው የሚሠራው ስሕተት ከተወው ቦታ ጀምሮ ሁሉንም በቅደም ተከተል ለማካካስ መነሣቱ ነው፤ የ3ኛውን ሳምንት ሲያሳድድ የ5ኛው ያመልጠዋል። አሁን ካለው ሳምንት ይጀምሩ፤ ማስረከቢያ ያለውን አስቀድመው፣ ያለፈውን በተረፈ ጊዜ በንግግሩ ጽሑፍ ብቻ ይሸፍኑ።

ለመምህሩ የሚጻፈው መልእክት ከማስረከቢያው በፊት ይላክ፤ በኮርሱ ቋንቋ፣ አጭር ሆኖ። ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምን እንደተፈጠረ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እስካሁን የሠሩት ተያይዞ፣ ቀሪውን መቼ እንደሚያስገቡ። «አካባቢዬ ከማክሰኞ ጀምሮ መብራት የለም። የጨረስኩትን የመጀመሪያ ክፍል አያይዣለሁ። ሁለተኛውን እስከ ዓርብ 12፡00 ዩቲሲ አስገባለሁ።» ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የጻፍነው። ካላንደሩ ላይ ደግሞ «ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት» ብለው ያስፍሩት፤ መልሱ እስኪመጣም የሚቀጥለውን ሳምንት ንባብ ያውርዱ።